የደን ጉዞ የሚታሰበው ከመመለሻው ነው
(ስለ ፏፏቴ፥ ስለ ብረት ገመድ መንሸራተቻና ስለ ሽርሽር ዝግጅት በራዲዮ የተነገረ)



የክረምቱ ዝናም አልፎ ሜዳው አበባ ሲለብስ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚነሣው ወሬ ወዴት ሽርሽር እንሂድ የሚል ነው። አንዱ ወደ ፍል ውኃ ሲል ሌላው ወደ ሐይቅ ዳር ይላል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወጣቶች አብልጠው የሚመርጡት ደን ውስጥ ገብቶ በእግር መጓዝ፥ ፏፏቴ ማየትና፥ ዚፕላይን በሚባለው፥ በሁለት ከፍታዎች መካከል በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት ሆኖአል።

ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው አንድ ቀን እግሩን ቢያፍታታ፥ የከተማ ልጅም ዝግባንና ጥድን በዓይኑ አይቶ ቢለይ ትልቅ ጥቅም አለው። ዳሩ ግን ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሚደረገው ስብሰባ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በገንዘብ መዋጮና በምግብ ዝርዝር ነው። ዳቦውን ማን ይገዛል፥ ሥጋውን ማን ያመጣል፥ መኪናው ስንት ያስከፍላል ይባላል። ከፏፏቴው በስንት ሰዓት ተነሥተን እንመለሳለን፥ በተራራው ላይ ዝናም ቢዘንብስ በየት በኩል እንወጣለን ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የደን ጉዞ መታሰብ የሚገባው ከመመለሻው ጀምሮ ወደ መነሻው ነው የሚል ነው።

ይህን ያወቅኹት በልጅነቴ በደረሰብኝ ነገር ነው። ያደግኹት ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዴራ ከተማ ነው። ዴራ ቆላማ ናት፤ ግራር ይበዛባታል፤ ፀሓይዋም ትከብዳለች። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሳለን፥ በሰኔ መባቻ ፈተና እንደ ጨረስን፥ ከአሰላ ባሻገር በጭላሎ ተራራ ግርጌ ወደሚገኝ አንድ ደን ለሽርሽር ወሰዱን። ለቆላ ልጆች ያ ቀን ተአምር ነበር። ውኃው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ከቋጥኝ ላይ ይወርዳል፤ ከሥሩም ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ ኩሬ ሠርቶአል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። በላያችን ያለው ሰማይ ሰማያዊ ነበር፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም።

ጥቂት ቆይቶ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ ብቅ ብለው በኦሮምኛ ይጮኹብን ጀመር። ውጡ፥ ውጡ ይላሉ። እኛ የተቈጡን የከብቶቻቸውን ውኃ ስላደፈረስንባቸው መስሎን እየተሳሳቅን ወጣን። የመጨረሻው ልጅ እንደ ወጣ ያ ጠርቶ የነበረው ውኃ ደፈረሰ፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መጣ፤ ድምፁም ተለወጠ። ከመካከላችን አንዱ በድንጋይ ላይ የተወው ጫማ ትዝ ብሎት ተመለሰ። ጫማው አዲስ ነበር፤ ያለ ጫማ ቤቱ ቢገባ የሚጠብቀውን ቁጣ ያውቃል። ውኃው በቅጽበት ከእግሩ አንሥቶ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወሰደው። ሽማግሌው ወደ ወንዙ ዘለው አልገቡም፤ በዳር በዳር ሮጠው ቀደሙትና፥ አንድ እጃቸውን ከዛፍ ሥር ላይ አጥብቀው ረጅሙን በትራቸውን ዘረጉለት። ክንዱ ተሰብሮ፥ ፊቱ ተፋፍቆ ወጣ። እነሆ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ያ በትር ባይኖር ኖሮ ግን ይህን የምነግራችሁ በሌላ ቃል ነበር።

እንግዲህ ፀሓይ በወጣበት ቦታ ጎርፍ እንዴት ሊመጣ ይችላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ያለው በአገሩ አቀማመጥ ላይ ነው። ዴራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ባለ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ይደርሳል። የጭላሎ ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እርጥበት ያዘለ ነፋስ ይህን የመሰለውን ተራራ ሲገጥም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የያዘውን እርጥበት ዝናም አድርጎ ይለቀዋል። ስለዚህ ቆላው በፀሓይ ሲቃጠል ተራራው በደመና ተሸፍኖ ሊዘንብበት ይችላል። የዘነበውም ውኃ በዚያው አይቀርም። እንደ ከለታ ያለው ወንዝ ወደ አዋሽ፥ እንደ ከታር ያለው ደግሞ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። ከታች በወንዙ ዳር የተቀመጠ ሰው ዝናሙን ሳያይ የዝናሙን ውኃ ይቀበላል ማለት ነው።

ይህ ነገር በትንሽ ጅረት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ከተማ የደረሰውን መከራ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው። በላይኛው ደጋ የዘነበው ከባድ ዝናም ግን በሌሊት ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። ሕዝቡ በመኝታው ላይ ሳለ የደረሰበት ይህ አደጋ የሚያስተምረን፥ የወንዝን ጠባይ ለማወቅ ከፊታችን ያለውን ውኃ ማየት እንደማይበቃ ነው፤ ከየት እንደሚመጣም ማየት ያስፈልጋል።

የውኃ ጉልበት ሰውን የሚያታልልበት ምክንያትም ሊነገር የሚገባው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም ነው። የሚፈስ ውኃ በሰው እግር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት በቀላሉ የተሻገራችሁት ወንዝ፥ ከሰዓት በኋላ ቁመቱ እዚያው ጉልበት ላይ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ቢጨምር፥ ጎልማሳውን ሰው ሊጥለው ይችላል። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ምልክቶቹንም እንወቅ። የጠራው ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፥ ቅጠልና ጭራሮ መውረድ ከጀመረ፥ የውኃው ድምፅ ከወትሮው ከጎላ፥ ወይም በላይኛው አገር ሰማዩ ከጠቈረና ነጎድጓድ ከተሰማ፥ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። የሚወጣውም ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች በመሮጥ አይደለም፤ ወንዙን ወደ ጎን ትቶ ዳገቱን በመያዝ ነው። ጫማም፥ ስልክም፥ ድስትም ይቅር። ይህን ከመነሣታችን በፊት ለተጓዡ ሁሉ፥ በተለይም ለልጆች፥ ደግመን ደጋግመን መንገር አለብን፤ የእኔን ጓደኛ ወደ ውኃው የመለሰው ጫማው ነበርና።

አሁን ወደ ሰዓት ጉዳይ እንለፍ። በአገራችን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጐደል እኩል ናቸው። ፀሓይ ስትጠልቅም ምሽቱ ረጅም ወገግታ የለውም፤ ከመሸ ቶሎ ይጨልማል። በደን ውስጥ ደግሞ ጨለማው ከሜዳው ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ የጉዞ ሒሳብ የሚጀመረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ወደ ኋላ በመቍጠር ነው።

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በእርሱ ስሌት ጤናማ ሰው በአንድ ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በዚያም ላይ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ተጨማሪ ሰዓት ይታሰብለታል። እንግዲህ ከመኪናው መቆሚያ እስከ ፏፏቴው 6 ኪሎ ሜትር ነው፥ ዳገቱም 600 ሜትር ነው እንበል። ለመንገዱ አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ፥ ለዳገቱ አንድ ሰዓት፥ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ለለመደ ሰው ነው። ልጆችና ያልለመዱ ሰዎች ላሉበት ማኅበር ግማሹን ያህል እንጨምርበት፤ ወደ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይደርሳል። ለመመለሻው፥ ቍልቍለትም ቢሆን፥ ደክሞ የሚያዘግመውን ሰው አስበን ሁለት ሰዓት ተኩል እንመድብ።

ከሰዓት በኋላ በዐሥር ሰዓት መኪናው ዘንድ ለመድረስ ብንወስን፥ ከፏፏቴው መነሣት ያለብን በሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት መራመድ ከጀመርን በስድስት ሰዓት ከሩብ እንደርሳለን። እንግዲህ ለመብል፥ ለዕረፍትና ለፎቶግራፍ የሚቀረን አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። ዘግይተን በአምስት ሰዓት ከጀመርን ግን የምንደርሰው በስምንት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ይህም የመመለሻው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሞላ ካለንበት ቦታ መመለስ እንጂ ጥቂት ነው የቀረን እያሉ መገስገስ ተገቢ አይደለም። ይህን ውሳኔ በዳገቱ ላይ ሆኖ መወሰን ያስቸግራል። ስለዚህ የመመለሻው ሰዓት በቤት ሳለን ይቈረጥ፤ ለሁሉም ይነገር፤ ሰዓቱንም የሚያስከብር አንድ ሰው በስም ይመረጥ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለወጥ ብቻ አይደለም።

የማለዳ ጉዞ ሌላም ጥቅም አለው። በደጋው አገር ደመና ብዙውን ጊዜ የሚጠራቀመው፥ ነጎድጓዱም የሚበዛው ከቀትር በኋላ ነው። የመብረቁን ብልጭታ ካያችሁ በኋላ መቍጠር ጀምሩ፤ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከዐሥር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከተራራ ራስ፥ ብቻውን ከቆመ ዛፍ፥ ከውኃና ከብረት ገመድ መራቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይታገሡ ወደ ጨዋታው መመለስ አይገባም።

ወደ ፏፏቴው ደርሰናል እንበል። ፏፏቴ ከሩቅ ሲያዩት ደስ ያሰኛል፤ ከሥሩ ለመቆም ግን ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያሻል። አንደኛው፥ ከላይ የሚወርደው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ድንጋይና ግንድም አብሮት ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛው፥ ውኃ ዘወትር የሚረጨው ቋጥኝ አረንጓዴ ሽበት ስለሚያበቅል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ስለዚህ በፏፏቴው አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ታች መመልከት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ሦስተኛው፥ ውኃው በሚወድቅበት ስፍራ ብዙ አየር ስለሚቀላቀልበት ሰውን የማንሳፈፍ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ተመልሶም ወደ ፏፏቴው ሥር የሚጐትት አዙሪት ይሠራል። ጥሩ ዋናተኛ እንኳ ከዚያ መውጣት ያቅተዋል። እግርን መታጠብ ለሚወድ ሰው ከፏፏቴው ራቅ ብሎ ውኃው ተዘርግቶ በዝግታ የሚሄድበት ቦታ ይበቃዋል።

ሰው በውኃ ቢወሰድ ደግሞ ተከትሎ መዝለል አንዱን ሐዘን ሁለት ማድረግ ነው። በዳር ሆኖ በትር መዘርጋት፥ ገመድ ወይም ነጠላ መወርወር፥ ባዶ ጀሪካን ጥሎለት እንዲይዘው ማድረግ ይሻላል። የኛ ሽማግሌ ማንም ሳያስተምራቸው ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

አሁን ደግሞ ወጣቶች በጉጉት ወደሚጠብቁት ወደ ብረት ገመዱ ልምጣ። በገመድ ወንዝ መሻገር በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በቻይና በዩናን አውራጃ በጥልቅ ሸለቆ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን በገመድ ተንጠልጥለው ወንዝ ሲሻገሩ ኖረዋል። በእኛም አገር በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ በሚባለው ቦታ፥ የድልድዩ መካከል በጠላት ወረራ ዘመን ከፈረሰ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ፥ መንገደኛው ወገቡን ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ ሰዎች በያዙት ገመድ እየተጐተተ ይሻገር ነበር። እርሱ ግን ገበያ የሚሄድበት ግዴታ እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ገመዱ ለደን ጐብኚዎች መዝናኛ ለመሆን የበቃው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው፤ በኮስታ ሪካ የዛፎችን አናት ለመመርመር ሊቃውንት የዘረጉት የገመድ ዘዴ ለዚህ መነሻ ሆነ። በአገራችንም መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ይህን ጨዋታ ለብዙ የአዲስ አበባ ወጣት አስተዋውቆአል።

የመሣሪያው አሠራር ሲታይ ቀላል ነው። ከፍ ካለው ቦታ ወደ ዝቅተኛው ቦታ የብረት ገመድ ይወጠራል። በገመዱ ላይ መዘውር ይሽከረከራል። ሰውየው ወገቡንና ጭኑን በሚይዝ ጠንካራ መታጠቂያ ታጥቆ በመዘውሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ የገዛ ክብደቱም ወደ ታች ይወስደዋል። አምስት ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል፥ የአየርና የመዘውሩ ሰበቃ ባይዘው፥ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ማስነሣቱ ሳይሆን ማስቆሙ ነው ትልቁ ሥራ። እዚህም ላይ ጉዳዩ የመመለሻና የመድረሻ ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉ።

ይህን ሲያዩ አንዳንድ ወጣቶች ገመድ ገዝተን በራሳችን ደን ውስጥ ብንዘረጋ ምን ይከለክለናል ይላሉ። የሚከለክላቸው ሒሳቡ ነው። 100 ሜትር ርዝመት ባለው ቦታ ላይ ገመድ ዘርግተን 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመካከሉ እናንጠልጥል። ገመዱ በመካከሉ አራት ሜትር ተኩል ያህል ቢረግብ፥ በገመዱ ላይ የሚያርፈው ጉተታ 80 ኪሎ ሳይሆን ወደ 450 ኪሎ የሚጠጋ ነው። እንዳይረግብ ብለን አጥብቀን ወጥረነው አንድ ሜትር ብቻ ቢረግብ ደግሞ ጉተታው ወደ 2,000 ኪሎ ይደርሳል። የገመዱ የራሱ ክብደት በዚህ ላይ አልተቈጠረም። እንግዲህ ገመዱን ማጥበቅ ያጠነከረው የሚመስለው ሰው አደጋውን እያበዛ ነው። ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ብዙ በተወጠረ ቍጥር በእርጥብ ጋቢ ክብደት ችካሉን ሲነቅል ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

ያ ሁሉ ጉተታ የሚያርፈው ገመዱ በታሰረበት ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ነው። በአርሲ ደጋ የሚገኝ ሽማግሌ ጥድ በውጭ ሲያዩት ግንብ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ በሻጋታ በስብሶ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ዛፉን መርምሮ፥ የገመዱን ውፍረት ለክቶ፥ የማስቆሚያውን አሠራር ወስኖ ይህን መሥራት የሠለጠነ መሐንዲስ ተግባር ነው። የእኛ ድርሻ ገመድ መዘርጋት ሳይሆን፥ የተዘረጋውን ለመጠቀም ስንሄድ ዓይናችንን ከፍቶ መጠየቅ ነው።

ምን እንጠይቅ? ገመዱና መታጠቂያው ዛሬ ጠዋት ተፈትሾ እንደ ሆነና የፍተሻው መዝገብ መኖሩን እንጠይቅ። የተፈቀደው ትንሹና ትልቁ የሰው ክብደት ስንት እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ በጣም ቀላል ሰው በመካከል ቆሞ ሊቀር፥ በጣም ከባድ ሰው ደግሞ በኀይል ሊደርስ ይችላልና። መታጠቂያችን ከመዘውሩ ጋር በአንድ ብቻ ሳይሆን በሁለት ማያያዣ መያያዙን እንይ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ነው። ከዋናው ማስቆሚያ ሌላ ተጠባባቂ ማስቆሚያ መኖሩን እንይ። የራስ ቍር ይደረግ፤ ጠጕር፥ ነጠላና የአንገት ልብስ ወደ መዘውሩ እንዳይገባ ይጠቅለል። በመድረሻው ላይ ሠራተኛ ቆሞ ዝግጁ ነኝ የሚል ምልክት ሳይሰጥ ማንም አይነሣ። እነዚህን ጥያቄዎች ስትጠይቁ ደስ ብሎት የሚመልስ ባለሙያ አስተማማኝ ነው። የሚቈጣ ወይም የሚያሾፍ እንደ ሆነ ግን የከፈላችሁት ገንዘብ ይቅርና ተመለሱ። ፈርቼአለሁ የሚልንም ሰው በሳቅና በጭብጨባ መግፋት ነውር ነው፤ ቆሞ ቢመለከት የሚጐድለው ነገር የለም።

ስለ ልብስም ጥቂት ልበል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከዴራ ተነሥቶ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ደን የሚወጣ ሰው ስምንት ዲግሪ ያህል የሚቀዘቅዝ አገር ይገባል ማለት ነው። ዝናምና ነፋስ ሲጨመርበት ብርዱ ይከብዳል። እኛ በዚያ ቀን በስስ ሸሚዝ ነበርን፤ ከውኃው አደጋ በኋላ የተንቀጠቀጥነው በፍርሃት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሹራብና የዝናም ልብስ፥ የማያንሸራትት ጫማ፥ የሚጠጣ ውኃና ጥቂት በሶ ወይም ቆሎ በተጨማሪ ይያዝ። ለማኅበሩም የእጅ ባትሪ፥ ረጅም ገመድ፥ ፋሻና ንጹሕ ጨርቅ ያስፈልጋል። ክንድ ወይም እግር የተሰበረበትን ሰው አጥንቱን ለመጠገን ሳይታገሉ በእንጨትና በፋሻ ደግፎ ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

የእጅ ስልክ ይዘናል ብሎ መመካትም አይበጅም፤ በሸለቆ ውስጥ መስመሩ ይጠፋል። የተጓዦቹ ስም፥ የሚሄዱበት ቦታና የሚመለሱበት ሰዓት ተጽፎ በከተማ ለሚቀር ለአንድ የታመነ ሰው ይሰጥ። ያ ሰው በተባለው ሰዓት ካልመጡ ለማን እንደሚያመለክት አስቀድሞ ይወቅ። በጉዞው ላይ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከፊት፥ ታጋሽ ሰው ደግሞ ከኋላ ይሁን፤ ከኋለኛው በስተኋላ ማንም አይቅር። በየማረፊያውም ሰው ይቈጠር።

ከሁሉ በላይ ግን የአገሩን ሰው መጠየቅ ነው። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም በውስጡ ከጠቀለላቸው ክፍሎች አንዱ የኛው የዴራ ዲልፈቃር ነው፤ ሌሎቹም የጭላሎና የገለማ፥ የካካና የሁንቆሎ፥ የጉጉም ተራሮች ናቸው። በታችኛው ክፍል ግራርና አጋዘን፥ በላይኛው ደግሞ አስታ፥ ጅብራና የደጋ አጋዘን ይገኛሉ። ወደነዚህ ቦታዎች የሚሄድ ማኅበር አስቀድሞ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ፤ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከዚያው አገር የተወለደ መሪ ይቅጠር። ለመሪው የሚከፈለው ገንዘብ ለብዙዎች ትርፍ ወጪ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የትኛው ጅረት በየትኛው ወር እንደሚሞላ፥ የትኛው መሻገሪያ እንደሚያታልል የሚያውቀው እርሱ ነው። ከዚህም ሌላ የደኑ ጐረቤት ከደኑ እንጀራ ሲያገኝ ደኑን ይጠብቀዋል፤ ደኑ ሲጠበቅም ዝናሙ ወደ መሬት እየሰረገ ምንጭ ይሆናል እንጂ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ወደ ቆላው አይወርድም። ለዚህም ነው እንግዳ የሆነ ሰው እርጥብ ዛፍ መቍረጥ፥ እሳት ትቶ መሄድና ቆሻሻ መጣል የማይገባው።

ለጉዞ የሚመቸውም ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው፤ በበልግም ወራት ድንገተኛ ዝናም አለ። እኛ በሰኔ መባቻ የሄድነው ወሩን ማንም ስላልጠየቀ ነበር። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ለመጫን አልናገርም፤ አስተማሪዎቻችን ሊያስደስቱን ፈልገው የወሰዱን ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ደግነት ግን ዝግጅትን አይተካም።

በዚያ ቀን የጓደኛችን ክንድ በእንጨት ታስሮ ወደ መኪናው ስንመለስ፥ ከኛ በዕድሜ ከፍ ያለው ልጅ ሽማግሌውን፥ አባባ፥ ውኃው እንደሚመጣ በምን ዐወቁ? ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም በበትራቸው ወደ ጭላሎ አመለከቱ። ዛፎቹ ሸፍነውን እኛ ያላየነው ጥቍር ደመና የተራራውን ራስ ውጦት ነበር። ልጆቼ፥ እናንተ ወንዙን ነበር የምታዩት፤ እኔ የማየው ተራራውን ነው አሉን።

ክቡራን አድማጮች፤ በሚመጣው ሽርሽራችሁ ከዳቦውና ከሥጋው ዝርዝር በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ አስፍሩ። በስንት ሰዓት እንመለሳለን? ውኃው ከየት ይመጣል? ባንመለስ የሚፈልገን ማን ነው? ለነዚህ መልስ ካገኛችሁ፥ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደስታ ነው። ደኑም፥ ፏፏቴውም፥ ገመዱም በቦታቸው ይቈያሉ፤ ዛሬ ቢቀር ነገ ይደረሳል።

መልካም ጉዞ፥ በደኅና መመለስ ይሁንላችሁ።